ስም የሚጠራው ማሽን

ዊልፍሬዶ ማሽኑን ከከተማ ያመጣው እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ፣ በዶን ኒካኖር የጭነት መኪና ላይ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ደረቱ ላይ ጥብቅ እያደረገ።

በላ ኔብሊና ኮረብታ ላይ ያለችው ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ናት፤ አስተማሪዋም እሱ ብቻ። ልጆቹ ፕሮፌ ይሉታል። ይህን ማሽን ለማግኘት ሁለት ዓመት ደብዳቤ ሲጽፍ ኖሯል። ይኸው መጣለት! ከበሩ ውጭ፣ ከቆርቆሮው ጥግ ሥር ሰቀለው። ልጅ ፊቱን ወደ ካሜራው ሲያስጠጋ ማሽኑ ያውቀዋል፤ በስሙ ጠርቶ ደህና አደርክ ይለዋል፤ መምጣቱንም ወዲያው ለዋናው ከተማ ትምህርት ቢሮ ይናገራል። የምሳው እህል የሚላከውም በመጡት ልጆች ቁጥር ልክ ነው።

ወይ የዚያን ቀን ደስታ! ልጆቹ ምላሳቸውን አውጥተው ሞከሩት፣ ዓይናቸውን አንሸዋረው ሞከሩት፤ ወይ ፍንክች፣ ሁሉንም ለየ። ባለሱቁና እህል አመላላሹ ዶን ኒካኖርም ሰፊ ፊቱን ደቀነበት። ማሽኑ ጭጭ።

«አየኸው ፕሮፌ? ለእኔ ሲሆን ይኮራል!»

«ያልተመዘገበ ፊት አያውቅም ዶን ኒካኖር። ይሄ እንደ ሰው አይዋሽም።»

ይህን ቃሉን ኋላ ብዙ ሰው አስታወሰበት።

የተመዘገቡት ልጆች አሥራ ሁለት ነበሩ። በግንቦት ወንዙ ሞላና አንዷን ወሰደ። ኬይዲ ትባላለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ምሳ የምታበስለው የዶኛ ኦቲሊያ አንድያ ልጅ ናት።

ለሟች በሚደረገው የዘጠኝ ቀን ጸሎት ላይ የሚቆም የልጅቷ ፎቶ እቤታቸው አልተገኘም። ዊልፍሬዶ ማሽኑ ውስጥ ያለውን ምስሏን ከተማ ወስዶ አሳጠበው፤ ትልቅ አስደርጎ፣ መስታወት አስገብቶ አመጣላቸው። በዘጠነኛው ቀን መስቀሉ ተነሣ፣ አበባው ተጠረገ፣ ሰውም ወደየቤቱ ሄደ። ከዚያ ወዲያ በኮረብታው ወግ የሟች ስም በእናት ፊት አይጠራም። ነፍስ መንገዷን ጀምራ ወደኋላ እንዳትዞር ብለው ነው። ዓመቱ እስኪሞላ አንድ አፍ አይደፍረውም። ቄሱ እንኳ «ያቺ ልጅ» ነው የሚሉት።

ኦቲሊያ በአሥረኛው ቀን ሥራዋ ገባች። እንደ ድሮዋ ከማንም ቀድማ ትመጣለች፤ ማሽኑን በሽርጧ ትወለውላለች፣ እሳት ታያይዛለች፣ ባቄላ ትጥዳለች፣ የበቆሎ ቂጣዋን በመዳፏ ጠፍ ጠፍ ታደርጋለች። ወሬ የለ፣ እንባ የለ። ሳህን ስትደረድር ግን አሥራ ሁለት ነው የምትደረድረው።

«እጄ ለምዶ ነው» ትላለች።

የዚያችን ሳህን ምግብ ካኔላ የምትባል ውሻ ትልሰዋለች። አጥንቷ ይቆጠር የነበረች ውሻ በሁለት ወር በርሜል አከለች!

ዊልፍሬዶ የኬይዲን ስም ከማሽኑ ሊያወጣ ሦስት ቀን ተነሣ። «ይሰረዝ?» ይለዋል ስክሪኑ። ጣቱ እምቢ ይላል። ነገ፣ ይላል።

በሐምሌ ከትምህርት ቢሮው ተቆጣጣሪዋ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ወረቀቷን ዘረጋች።

«ልጆችህ ስንት ናቸው?»

«አሥራ አንድ።»

«ማሽንህ አሥራ ሁለት ይላል። በየቀኑ! ኬይዲ የምትባለዋማ ከሁሉም ቀድማ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ነው የምትገባው።»

ዊልፍሬዶ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። «እሷ እኮ በግንቦት ሞታለች።»

«አውቃለሁ። ሁለት ወር ሙሉ የሞተች ልጅ ምሳ ስትቀበል ከርማለች። ማሽኑን መነካካት የሚችለው ማነው?»

«እኔ ብቻ ነኝ፤ ግን...»

«አይዋሽም ብሎ በደብዳቤ የጻፈልንስ ማነው? አንተው ነህ። እስከ ዓርብ ሌላ ሌባ ካላሳየኸኝ ከሥራህ ተባረሃል። ክሱም ይከተልሃል።»

ዊልፍሬዶ አሰበ፣ አወጣ፣ አወረደ። ጎህ ሲቀድ ትምህርት ቤቱ ደጅ የሚቆም መኪና የማን ነው? የኒካኖር። እህሉ በማን እጅ ያልፋል? በኒካኖር። ከተማ ውስጥ ስልክ የሚጠግነው ጎረምሳስ? የኒካኖር የወንድም ልጅ! ገስግሶ ሱቁ ሄደ።

«የወንድምዎ ልጅ ነው አይደል ማሽኑን የከፈተልዎት?»

ዶን ኒካኖር ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «የኔ ጌታ፣ እሱ ኩሩ ማሽንህ እኔን ደህና አደርክ እንኳ ብሎኝ አያውቅም! ሌባ ከፈለግክ መስታወት ልሽጥልህ፤ ወለል አድርጎ ያሳይሃል።»

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሁሉ አውካኩበት። እስኪመሽ አገሩ ፈረደ፦ ፕሮፌ የሙት ልጅ እህል በልቷል። እናቶች ሰላምታ ነሱት። አንዷም መንገድ ላይ ልጇን ከእጁ መንትፋ ወሰደች። ኦቲሊያን ግን ደፍሮ የጠየቃት የለም። ነገሩ ከተነሣ የልጅቷ ስም መጠራቱ ነዋ።

ዓርብ ሊነጋጋ ሲል ዊልፍሬዶ ስልኩን ለፎቶ አዘጋጅቶ ከውኃው በርሜል ጀርባ አደፈጠ። ኒካኖርን እጅ ከፍንጅ ካልያዘው ስሙም እንጀራውም አለቀለት። የጭነት መኪናው እያጓራ መጣ። ኒካኖር ወረደ፣ ጆንያውን ወጥ ቤቱ ደጅ ዘፍ አደረገ፣ አዛጋ፣ ወደ ማሽኑ ዞር ብሎም ሳያይ ሄደ።

አለቀ። ዊልፍሬዶ ጉልበቱን አራግፎ ተነሣና ወደ መንገዱ ዞረ።

«ደህና አደርሽ፣ ኬይዲ» አለ ማሽኑ ከኋላው።

ስልኩን እንዳነሣ በቀስታ ዞረ። ኦቲሊያ ከሽርጧ ሥር ያወጣችውን ባለመስታወቱን ፎቶ በሁለት እጇ ካሜራው ፊት ይዛ ቆማለች።

«እባክህ» አለችው ማሽኑን፣ «አንዴ ድገምልኝ።»