የሙሽራው የቤተሰብ ስም

«የጌጡ ቅድመ አያት ቀጥቃጭ ነበሩ አሉ፤ ቡዳ ናቸው» እያለች እናትየው ወሬውን ሰፈር ለሰፈር አዳረሰችው። ጌጡ የላካቸውን ሽማግሌዎችም በዚሁ ወሬ ከበር መለሰቻቸው። ልጅቷ ዓመት ሙሉ አኮረፈች። ከዚያ አበባ እርሻ የሚሠራ ሆላንዳዊ ይዛ መጣች።

«የእሱንስ ዘር አታስቆጥሪም፣ እማዬ?»

«የፈረንጅ ዘር ደግሞ ምኑ ይቆጠራል?» አለች እናትየው፣ ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ ብላ።

በሠርጉ ቀን የሙሽራው አባት ተነሥቶ በአገሩ ቋንቋ ስለ ቤተሰቡ ስም ተናገረ። እናትየው ትርጉሙን ማን ይጠብቃል ብላ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ድንኳኑም ተከተላት። ሙሽራዪቱ እልልታው እስኪበርድ ጠበቀችና ተረጎመች፦

«ስማችን ስሚት ነው፤ ቀጥቃጭ ማለት ነው። ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ ብረት ስንቀጠቅጥ ኖረናል። የዛሬውንም ቀለበት የቀጠቀጠው ልጄ ራሱ ነው።»