በዓል በደረሰ ቁጥር የሚቀደደው ገጽ

«ልጄ፣ የማታውቀውን ነገር አላውቅም በል፤ አያምህም» ይለው ነበር አባቱ፣ ነጋ ጠባ። ሶፋ ሠሪው ግን ይህችን አንዲት ቃል ሳይላት አረጀ።

ትምህርት ቤት የሄደው ለጥቂት ወር ነው። ፊደሉ ሳይገባው አባቱ ታመመና ወደ ሥራ ገባ። ጸሎቱን ግን አንድም ሳያስቀር በቃሉ ያውቃል፤ አንዴ የሰማውን አይረሳም። ከሰው ጋር ለጸሎት ሲቆም እንደ ሌላው መጽሐፉን ገልጦ ይይዛል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያየ ሁሉ ያነባል ይላል። ሚስቱም መጀመሪያ ያየችው እንዲሁ ቆሞ ነው። «የሚያነብ ባል አገኘሁ» ብላ ለጓደኞቿ ስታወራ ሰማ። ዝም አለ። በዚያው ዝም እንዳለ ቀረ።

ሲሠራም ዝም ነው። ቀኑን ሙሉ ምስማር በከንፈሩ ይዞ ስፖንጅ ይቆርጣል፣ ጨርቅ ይወጥራል። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ምስማር» ነው የሚለው። ቤት ሲገባም ምስማሩ ከአፉ የወጣ አይመስልም። ልጃቸው አግብታ ከወጣች በኋላማ ገበታ ላይ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ሆነ።

በዓል ሊደርስ ሲል ሚስቱ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ አንድ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ሽፋኑ ላይ ወንድና ሴት በአንድ ጃንጥላ ሥር ቆመዋል፤ ከኋላቸው መብራት የበራበት መስኮት ይታያል። እንዳይቆሽሽ ብላ በጋዜጣ ለበጠችው።

«የበዓል ሰሞን ፍቅር ነው፤ ልብ ያሞቃል አሉ» አለች። «ዓይኔ ፈዘዘብኝ። አንብብልኝ።»

አላውቅም ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አንዲት ልጅ ነበረች…»

ላብ አጠመቀው፤ ቢሆንም ቀጠለ። ልጅቱ ለበዓል ወደ እናቷ ስትሄድ ጎርፍ ድልድዩን ወሰደው። መንገድ ዳር ካለች ትንሽ ማረፊያ ቤት ገባች። የማረፊያው ባለቤት አኩራፊ ሰው ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ምድጃ፣ አንድ ብርድ ልብስና እግሩ የተሰበረ ሶፋ ነው። ሰውየው ሶፋውን ሲጠግን ልጅቱ መብራት ያዘችለት።

«ቆይ» አለች ሚስቱ መሀል ላይ። መጽሐፉን ከእጁ ወሰደች፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርጋ፣ አዙራ መለሰችለት። «አቧራ አለበት። በል ቀጥል።»

ቀጠለ። ሁለቱ ሊሳሳሙ ሲደርሱ ግን ጆሮው ጋለ።

«እዚህ ጋ ገጹ ተቀዷል» አለ።

ከዚያ ወዲህ በዓል በደረሰ ቁጥር ሌላ መጽሐፍ ይመጣል፣ በጋዜጣ ይለበጣል። ሚስቱ እግሯን ሰብስባ ትቀመጣለች። ከኮቱ ላይ ክር እየለቀመች ትጥላለች፤ ትጠይቀዋለች።

«በዚህኛውም ሶፋ ይሰበራል?»

«ይሰበራል።»

«ደራሲ ሁሉ ሶፋ ይወዳል ማለት ነው! ገጹስ? እንደለመደው ሊቀደድ ነው?»

«አሮጌ መጽሐፍ እየገዛሽ እኔን ምን አድርግ ትይኛለሽ!»

ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እሱ ቀስ ብሎ ጓዳ ይገባና ይንበረከካል። «አምላኬ» ይላል፣ «ዓይኗ የደከመ ሴት ፊት መጽሐፍ ዘርግቼ ዋሸሁ። ነገ እነግራታለሁ።» ነገ ሲመጣ እሷ ብርድ ልብሷን ደርባ ትጠብቀዋለች። አንገቱን ደፍቶ መጽሐፉን ይገልጣል።

ዘንድሮ ልጃቸው ከበዓሉ በፊት መጣች።

«እማዬ ዓይኗን ትመርመር። መነጽር እገዛላታለሁ፤ የዘንድሮውን መጽሐፍ በራሷ ታንብብ» አለች።

ሶፋ ሠሪው ቀና ብሎ ሚስቱን አየ።

«ተዪኝ ልጄ» አለች እናት። «አባትሽ ያነብልኛል፤ ይበቃኛል።»

«ልክ ናት!» አለ እሱ፣ ቶሎ ብሎ።

ልጅቱ ዞራ አየችው። «አባዬ፣ ይሄ ካንተ የሚጠበቅ ነው? ሲሆን ሲሆን አንተ ነበርክ የምትወስዳት። ዓይኗ ጠፍቶ ቢቀርስ?»

ያን ቀን ምስማሩ ከከንፈሩ እየወደቀ አስቸገረው። ለገዛ ክብሩ ሲል የሚስቱን ዓይን ሊያጠፋ ነው። ደንበኛ እየጠበቀው መዶሻውን አስቀመጠ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ራሱን ተጸይፎ አያውቅም።

ጠዋት ኮቱን ለበሰ።

«ተነሺ፣ እንሂድ።»

«ተወኝ አንተ ሰውዬ። በዚህ ዕድሜዬ መነጽር ምን ያደርግልኛል?»

«ተነሺ ብያለሁ።»

መንገዱን ሙሉ አኮረፈችው። ፈርታ ነው ብሎ እጇን ያዘ።

መነጽር ቤቱ ደርሰው እሷ መመርመሪያ ክፍል ስትገባ በሩ ተዘጋ። እሱ ውጭ ከፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ ሰዎች መነጽር እያደረጉ መስተዋት ያያሉ። ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም። የሚላትን በልቡ ደጋገመ። አንብቤልሽ አላውቅም። ፊደል አልለይም። ያ ሁሉ ከራሴ ነው። መነጽሩን ሳታደርግ በፊት ይነግራታል። ከዚያ ትሳቅበት፣ ትተወው፣ የፈለገችውን ታድርግ።

በሩ ሳይከፈት ቆየ። ከውስጥ የሚስቱ ድምፅ ይሰማል፤ ዝቅ ብላ ትለምናለች። ዓይኗ አልቆለት ይሆናል፤ እሱ አፍሮ ዝም ሲል ጊዜው አልፎ ይሆናል።

«አምላኬ» አለ፣ «ዓይኗን ስጣት፤ እኔ ልፈር።»

በሩ ተከፈተ። መርማሪው፣ ነጭ ካፖርት የለበሰ ወጣት፣ ብቻውን ወጣና በሩን ከኋላው ዘጋ። ራሱን እያከከ አጠገቡ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«አባባ፣ እናታችን ‹ዓይኗ አይድንም ብለህ ንገርልኝ› ብለው ለምነውኛል፤ ግን እንዴት ልዋሽዎት፣ ዓይናቸው እኮ ከእኔም ዓይን ይሻላል።»