የመሬት ሽቦ

ትርንጎ የመጀመሪያውን ሶኬት ፈትታ ስታየው ደሟ ፈላ። ሠላሳ ኮምፒውተር ለሚገባበት ክፍል መስመሩን እንድታዘጋጅ ነበር ትምህርት ቤቱ የጠራት። ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ ግን ግድግዳው ውስጥ ተቆርጦ ቀርቷል። የቀሩትንም አንድ በአንድ ፈታች። ሁሉም ያው ነው።

ርዕሰ መምህሩን አቶ ልሳነወርቅን አስጠርታ አሳየቻቸው።

"አንዱ ኮምፒውተር ውስጡ ቢበላሽ፣ የነካውን ተማሪ ኤሌክትሪክ ይይዘዋል። ጓሮ ተቆፍሮ ሽቦው የሚታሰርበት የመዳብ ዘንግ መቀበር አለበት። ሁለት ቀን ይስጡኝ።"

"ነገ እንግዶች ይመጣሉ። እሱ ሌላ ጊዜ ይደርሳል፤ አንቺ ተፈትሿል ብለሽ ፈርሚ።"

"አልፈርምም።"

"ይህ ቤት መብራት ከገባለት ሃያ ዓመቱ ነው። ማን ሞተ? እናንተ ባለሙያዎች ሰው ማስፈራራት ትወዳላችሁ።"

ትርንጎ ለሙከራ የመጣውን አንድ ኮምፒውተር በእጇ አመለከተቻቸው።

"ምንም ከሌለው እርስዎ ይሰኩትና ያብሩት። በዓይኔ ካየሁ እፈርማለሁ።"

አቶ ልሳነወርቅ ከበሩ ኋላ ያረጀ የጎማ ቦቲ አወጡ። የቆዳ ጫማቸውን አወለቁና፣ እንደለመደ ሰው፣ ሳይቀመጡ አጠለቁት።

ትርንጎ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ዋናውን ማጥፊያ አወረደች። የማጥፊያውን ሳጥን ቆለፈችና ቁልፉን ኪሷ ከተተች።