የጥጉ ማሽን

ማሽኑ እምቢ ማለት የጀመረው ሙዝ ውኃ በሚጠማበት በጥር ወር ነው።

አርባ ምንጭ ላለው የመስኖ ፕሮጀክት፣ ዩኒክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራ ኮምፒዩተር ከመጣለት ዓመት አልሞላውም። ኮምፒዩተሩ ራሱ በስተጀርባ ባለ ቀዝቃዛ ክፍል ተቆልፎበት ሌት ተቀን ይሠራል። በሠራተኞቹ ጠረጴዛ ላይ ያለው ስክሪንና መጻፊያ ብቻ ነው፤ ማሽን የሚሉት ግን ይህንኑ ነው። ከኩልፎ ወንዝ ለተጠለፈው ለእያንዳንዱ ቦይ አንድ ፋይል አለ። የነገው የውኃ ተራ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ሰሞኑን ግን አንዳንድ ቀን፣ በተለይ ሥራ በዝቶ ማንም ምሳ በማይወጣበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ አንድ መስመር ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል፤ የተከፈተው ፋይል በዝቷል፣ ሌላ አልከፍትም። ተራው ሳይወጣ ይመሻል። በማግስቱ ቦይ የሚጠብቀው ሰው ውኃውን ለማን እንደሚለቅ አያውቅም።

የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ወርቅአፈራሁ ነገሩን በቀላሉ አላዩትም። ቁጥጥር የሚወዱ ሰው ናቸው። ጠዋትም ከሰዓትም ጥግ ካለው ከራሳቸው ማሽን ፊት ተቀምጠው የእያንዳንዱን ሠራተኛ ሥራ ይመለከታሉ። ሲገቡ ሁሉም ብድግ ይላል፤ ሲወጡም እንዲሁ። ሲነሱ ስክሪናቸውን በገዛ እጃቸው ያጠፋሉ። "መብራት የሕዝብ ሀብት ነው" ይላሉ። ያንን ማሽን ሌላ ሰው አይነካውም። ማንም አልከለከለም፤ ግን በአለቃ ወንበር ማን ደፍሮ ይቀመጣል?

ታምሩ የሚባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ ተላከ። ጓድ ወርቅአፈራሁ በክብር ተቀበሉት፤ ከጫሞ በመጣ ዓሣ ምሳም እራትም ጋበዙት። ታምሩ የኋላውን ክፍል ሲፈትሽ ከርሞ ወጣ።

"ማሽኑ ጤነኛ ነው" አለ። "በአንድ ጊዜ ክፍት አድርጎ የሚይዘው የፋይል ብዛት ልክ አለው። ሰው እየከፈተ ሳይዘጋ ሲተው ልኩ ይሞላል። ልኩን ከፍ አድርጌዋለሁ፤ የሚተወው ሰው ካልተገኘ ግን ይሄም ይሞላል።"

"ከየትኛው ማሽን ነው የሚከፈተው?" አሉ ጓድ ወርቅአፈራሁ።

ታምሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "ከጥጉ ነው፣ ጓድ።"



"ከእኔ ማሽን! እኔ በሌለሁበት የሚቀመጥበት አለ ማለት ነው።"

"እንደዚያ ይሆናል" አለ ታምሩ ቶሎ ብሎ። በዚያው ቀን ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ።

ያኔ ነው ካሱን አፉ ያመለጠው። ካሱ ዘሪቱ ከምትባለው ሠራተኛ ጎን የሚቀመጥ ነው።

"ዘሪቱን በምሳ ሰዓት ጥጉ ጋ አይቻታለሁ" አለ።

ምን ስታደርግ እንደነበር የጠየቀው የለም። እሱም አልጨመረም።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ገጠመ። ዘሪቱ ዝምተኛ ናት። ምሳ ከሰው ጋር አትበላም። የምትጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ከታሸገ ወዲህ እሁድ እሁድ የት እንደምትውል አይታወቅም። እናቷና ታናናሾቿ የሚኖሩት በእሷ ደመወዝ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ እሱም ሳይቀር ተቆጠረባት። "የቸገረው ሰው ለሻጥረኛ ይመቻል" አለ አንዱ።

ዓርብ ዕለት የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ዳልጮም መጡ።

"ሙዝ ደረቀ" አሉ ዳልጮ ተነሥተው። "ውኃ የታለ ስንል፣ ማሽን እምቢ አለ ይሉናል። ማሽን ሰው ነው እንዴ እምቢ የሚል? ሰው ነው እምቢ ያለው።"

ተጨበጨበላቸው።

"ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል" አሉ ጓድ ወርቅአፈራሁ ወደ ዘሪቱ ዞረው። "በእኔ ማሽን ተቀምጠሻል ወይስ አልተቀመጥሽም?"

"ተቀምጫለሁ።"

"ፋይሎቹ ክፍት እንደነበሩ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

ዘሪቱ ቀና ብላ አየቻቸው። ካሱንም አየችው። ከዚያ አንገቷን ደፋች።

"አፍሬ ነው፣ ጓድ።"

አዳራሹ አጉረመረመ። ካሱ የጫማውን ጫፍ ያያል። ፊቱ ይግላል። እጁን አውጥቶ ሊናገር አሰበ፤ እጁ ግን ከጭኑ አልነቃነቅ አለ። ከሥራ ትሰናበት ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ያው እጅ ከሌሎቹ ጋር ወጣ። ካሱ በሕይወቱ እንዲያ አፍሮ አያውቅም።

ዘሪቱ ነጠላዋንና የምሳ ዕቃዋን ለመውሰድ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። በካሱ ጠረጴዛ በኩል ስታልፍ ቆም አለች።

"ገበሬዎቹን አደራ" አለችው ቀስ ብላ። ቀና ብሎ አላያትም።

ሰኞ ማሽኑ ይድናል ተብሎ ተጠበቀ። ገና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ እምቢ አለ።

"ርዝራዥ ነው" አሉ ጓድ ወርቅአፈራሁ። "ሻጥር በአንድ ቀን አይጸዳም።" ስክሪናቸውን በገዛ እጃቸው አጥፍተው ለምሳ ወጡ። ሁሉም ብድግ አለ።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን ካሱ በሩን መለስ አደረገ፤ እንደ ሌባ ዙሪያውን ቃኝቶ በአለቃው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ስክሪኑን አበራ፣ ዘሪቱ በየምሳ ሰዓቱ ስታደርግ ሲያያት እንደነበረው፣ ጓድ ወርቅአፈራሁ ከፍተው፣ ስክሪኑን ብቻ አጥፍተው የተዉአቸውን ፋይሎች አንድ በአንድ መዝጋት ጀመረ።