ነጩ ሪባን

«እማማ፣ ሦስቴ አየሁልዎት እኮ!» አለ ኒሻን መርማሪው ቬንደሊን፣ አጉሊ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ። ላይፕዚግ አሮጌ ዕቃ ገበያ ውስጥ ከማለዳ ጀምሮ የጀርመኑን ቄሣር ዘመን የጦርነት ኒሻን ይዞ የመጣው ሁሉ «አያቴ ጀግና ነበር በልልኝ» እያለ አንጀቱን አቃጥሎት ነበር። «የብረት መስቀል የሚባለው ኒሻን ሪባን ጥቁር ሆኖ ነጭ መስመር ካለው ለተዋጋ ሰው ነው። ይሄ ግን ነጭ ነው፣ መስመሩ ነው ጥቁር። ከግንባር ርቆ ላገለገለ የሚሰጥ ነው። መቶ ጊዜ ባገላብጠው አይጠቁርም!»

አሮጊቷ ሪባኑን እንደገና ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። «እርግጠኛ ነህ፣ ልጄ? እስቲ አንዴ ብቻ።»

«ኧረ በፈጠረዎት! ዳቦ ጋጋሪ ይሁን ጸሐፊ እኔ አላውቅም። ጀግና ከፈለጉ እዚያ ማዶ ካለው ሻጭ ይግዙ!»

«እንግዲያው አያቴ ሰው አልገደለም ማለት ነው?»

ቬንደሊን አጉሊ መነጽሩን መልሶ አነሣ።

«እናቴ ሰው ገድሎ የተሸለመው ነው ብላ፣ እስክትሞት ከመስፊያ ሣጥኗ ሥር ደብቃው ኖረች» አለች አሮጊቷ። ከዚያ ሪባኑን ካፖርቷ ላይ ሰካችው።

«በቀኝ አይደለም!» ብሎ ጮኸ ቬንደሊን። «በግራ ነው፣ በግራ! ይሄ እንኳ ይጠፋል?» እያጉረመረመ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና፣ ራሱ ነቅሎ በልቧ በኩል ሰካላት።