ሴት የማይገባበት ደሴት

ባልና ሚስቱ ጣና ላይ፣ በሚኖሩባት ጀልባ ወደ ደሴቱ ገዳም ተሳላሚዎችን ያመላልሳሉ። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ ባል ሊሳለም ሲወርድ ሚስቱ አንጓች ሁሌ ጀልባዋ ላይ ትቀራለች።

ዛሬ አንድ ጀልባ ነጂ «እንዲህ ያለችውን ሴት ብቻዋን ትተህ ትሳለማለህ?» ብሎ ሲያሾፍበት ከመንገድ ተመለሰ። አንጓች ላብ በላብ ሆና ከሞተሩ ክፍል ወጣች። ስታየው እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች።

«ማንን ነው የደበቅሽው?»

«በስመ አብ! ማንን እደብቃለሁ?»

ገፍቷት ገባ። ሰው የለም። ጠዋት ለክቶ «ሙሉ ነው» ያለው ሞተር የዘይት ክዳኑ ተከፍቷል፤ ጀሪካኑ አጠገቡ ቆሟል።

«ጎድሎ ነበር» አለች፣ ዘይት የነካ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «ዓይንህ ከደከመ ወዲህ የዘይት መለኪያውን ምልክት አትለየውም። አንተ ስትወርድ ሁሌ እኔ ነኝ የምሞላው። እንዳይከፋህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

ቀና ብሎ ሳያያት ክዳኑን አንሥቶ ሊገጥም ሞከረ። አንጓች እጁን ይዛ ወደ ቀዳዳው መራችው።