የአንሸል ስም

ዳሊያ ሆዷ ከገፋ ጀምሮ ከእጇ የማትለያት አንዲት መጽሐፍ ነበረች፤ የወንድ ልጅ ስሞች ከነትርጉማቸው። እራት ላይ ሳይቀር ታነባለች።

«ሊያም፤ ጽኑ ጠባቂ ማለት ነው። ኦሊቨር፤ የወይራ ዛፍ። አሁን አሁን ሰው ሁሉ የሚያወጣው ግን ኖኅ ነው። ዕረፍት ማለት ነው፣ አባባ።»

«ዕረፍትማ አንቺ ዝም ብትዪ ነበር» አለ አማቷ ቤሪሽ፣ ሳህኑ ላይ ያለውን ዓሣ በሹካ እየወጋ። «ስም ከመጽሐፍ አይወጣም። ስም የሚወጣው ከመቃብር ነው።»

ባሏ ገርሾን ውሃ ቀዳላቸው።

ሽማግሌው ነገረኛ ቢሆንም የተናገረው ከኪሱ አልነበረም። በሞንትሪያል አይሁዶች ሰፈር ሕፃን የሞተ ዘመዱን ስም ብቻ ይወርሳል። ቤሪሽ የሚፈልገው ደግሞ አንድ ስም ብቻ ነበር፤ የታላቅ ወንድሙን፣ የአንሸልን። ወላጆቻቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲገደሉ አንሸል ነው ሕፃኑን ቤሪሽን በጀርባው ተሸክሞ ከፖላንድ ያወጣው፣ ባሕር ያሻገረው፣ እየተራበ ያሳደገው። ልጅ ሳይወልድ ሞተ። ቤሪሽ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ «ስምህ አይጠፋም» ሲል ምሎለታል። ስሙን የሚወርስ ደግሞ ከዚህ ከሚወለደው ልጅ ሌላ ማንም አልነበረም።

ቤሪሽ ዓሣ ነጋዴ ነው፤ ይህን ጭንቀቱን የመደብሩ ደንበኞች ሁሉ ያውቁታል። አንድ ቀን ፖስተኛው ማርሴል፣ አይሁዳዊ ያልሆነው ማርሴል፣ ሊያጽናናው ፈለገ።

«ምን ያጨቃጭቃችኋል? ቤሪሽ በሉትና ተገላገሉ! የአያቱን ስም ቢይዝ ምን ይለዋል?»

ቤሪሽ ሦስት ጊዜ እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ አለ።

«ምላስህን ይቁረጠው! በቁሜ ልትቀብረኝ ነው? የሞት መልአክ ስሙን ሰምቶ ቢመጣ ማንኛችንን እንደሚወስድ በምን ያውቃል?»

ደንበኞቹ በሳቅ ፈነዱ። ጓዳ ሆኖ ዓሣ የሚያጥበው ገርሾን ቀና ብሎ አየና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ገርሾን እንዲህ ነው። ለአባቱ መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ታላቅ ወንድሙ ሩቨን ከሃይማኖታቸው ውጭ ያገባ ጊዜ ቤሪሽ «ልጄ ሞቷል» ብሎ ልብሱን ቀደደ፤ የቤቱን መስታወት ሁሉ በጨርቅ ሸፍኖ ለቅሶ ተቀመጠ። ያኔ ትንሽ ልጅ የነበረው ገርሾን «ሩቨን እኮ አልሞተም» ቢል በጥፊ ተመትቶ አለቀሰ። ቆይቶ እናታቸው ስትቀበር ሩቨን መጣ። ቤሪሽ «ሬሳ ሬሳ አይቀብርም» ብሎ የመቃብሩን በር አስዘጋበት። ሩቨን ከአጥሩ ውጭ በረዶ ላይ ቆሞ የእናቱን ቀብር በሽቦ ቀዳዳ አየ። ገርሾን ያን ቀንም ዝም አለ።

ዳሊያ ወንድ ልጅ ወለደች። ሕፃኑ እስኪገረዝ ድረስ ስሙ አይነገርም። ቤሪሽ ግን አላስችል ብሎት ገርሾንን የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ያዘው።

«ሚስትህ ኖኅ ልትለው ነው?»

«አይደለም፣ አባባ። መጽሐፏን ጥላዋለች።»

«የዚያ የከሃዲው የሩቨን ስም ነው እንዴ?»

«ሩቨን በሕይወት አለ። በሕይወት ያለ ሰው ስም ይወጣል እንዴ?»

«ታዲያ የሞተ ሰው ስም ነዋ?»

«በእኛ ቤት ከሞተ ቆይቷል፣ አባባ። ስሙ ሲጠራ ሕፃኑን እርስዎ እንዲያቅፉት እፈልጋለሁ።»

ከዚህ የሚበልጥ ክብር የለም። የሽማግሌው ዓይን እንባ ሞላ። ገርሾንን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ግንባሩን ሳመው።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ቤሪሽ የአንሸልን የጸሎት ኩታ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በምኩራቡ የክብር ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሕፃኑን በትራስ ላይ አድርገው ጉልበቱ ላይ አስቀመጡለት።

«አንድ ሰው ይጎድለናል» አለ ገርሾን። «ለጸሎቱ አሥር ወንድ ሳንሞላ አንጀምርም።»

በሩ ተከፈተና ሩቨን ገባ። ፀጉሩ ሸብቷል። ማንንም ሳያይ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ።

ቤሪሽ ሊነሣ ቃጣው፤ ግን ጉልበቱ ላይ ሕፃን አለ።

«ይህ ሬሳ ማን ጠርቶት ነው?» አለ በጥርሱ መሐል።

«እኔ ነኝ» አለ ገርሾን። «ካላሰኘዎት ሕፃኑን ለሌላ ሰው እንስጠው።»

ቤሪሽ ትራሱን ጨብጦ ያዘ። ንዴቱን ዋጠው። «ስለ አንሸል ስል ነው» አለ።

ግርዛቱ ተፈጸመ። ሕፃኑ ጮኸ፤ ከንፈሩን በወይን ጠጅ አራሱለትና ዝም አለ። ገራዡ ጽዋውን እንደያዘ ጆሮውን ወደ ገርሾን አዘነበለ። ገርሾን ሹክ አለው።

የገራዡ ፊት ተለዋወጠ። «ምን ነካህ፣ ገርሾን?»

«ጥራው።»

ቤሪሽ ዳሊያ ላይ አፈጠጠ። «አንቺ! ኖኅ አልሽው፣ አይደል?»

ዳሊያ በር ላይ እንደቆመች አይደለም በሚል ራሷን ነቀነቀች፤ እንባዋ ይወርዳል። ገርሾን ጎንበስ ብሎ ከአባቱ ትከሻ ላይ የተንሸራተተውን ኩታ አስተካከለለት። ገራዡም ዓይኑን ጨፍኖ ጽዋውን ከፍ አደረገ።

«ስሙም በእስራኤል ዘንድ ቤሪሽ፣ የገርሾን ልጅ፣ ተብሎ ይጠራ።»